ጥቁር የተቀባችው ፉርጎ

ባለፈው ኅዳር ሜሪላንድ ውስጥ፣ አሮጌ አሻንጉሊት ባቡሮች በሚሸጡበት አዳራሽ፣ ሁለት የሚዋደዱ ሽማግሌዎች በአንዲት ፉርጎ የተነሳ ሲጣሉ አየሁ። ፉርጎዋ በአንድ እጅ የምትያዝ የከሰል መጫኛ ናት። ላየነል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለልጃገረዶች ብሎ ካወጣው ባቡር የተረፈች ነበረች። የዚያ ባቡር ሎኮሞቲቭ ሮዝ፣ ክፍቱ ፉርጎ ሮዝ፣ የከሰሉ ፉርጎ ደግሞ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ነበር። ገበያ አልቀናውም። ልጃገረዶቹ የፈለጉት ወንድሞቻቸው የያዙትን ዓይነት፣ እውነተኛ የሚመስለውን ባቡር ነበር ይባላል። ያኔ መደርደሪያ ላይ የቀረው ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ዕቃ ሆኗል።

የዚህችን ፉርጎ ቀለም ግን የባለቤቱ አባት ያኔውኑ ለውጠውታል። የከሰል ፉርጎ ወይን ጠጅ አይሆንም ብለው በብሩሽ ጥቁር ቀቧት፤ የባቡር ድርጅቱንም ስም በእጃቸው በነጭ መልሰው ጻፉባት። ልጃቸው አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጥቁሩን አስለቅቀው "ትክክለኛውን" ቀለም ማውጣት ይፈልጋሉ። ወዳጃቸው ደግሞ "እንዳትነካት!" ይላሉ።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ ልቤ ወዲያው ለጥቁሩ አደላ። በፉርጎዋ ላይ የተጻፈው ስም ሊሃይ ቫሊ ነው፤ የፔንሲልቬንያን ድንጋይ ከሰል ወደ ኒው ዮርክ ወደብ ያጓጉዝ የነበረው፣ መስመሩን በ"ጥቁር አልማዝ" የሰየመው ድርጅት። ጥቁር አልማዝ ማለት ከሰሉ ነው። የዚያን ድርጅት ፉርጎ ወይን ጠጅ የቀባው ፋብሪካ አጠፋ፣ አባትየው አረሙ። የታረመን ነገር ወደ ስህተቱ መመለስ ምን ይሉታል?

ይህንኑ ለባለቤቱ ነገርኳቸው። የመለሱልኝ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። "የዚህች ፉርጎ እናት ፋብሪካው ነው እንጂ ሐዲዱ አይደለም" አሉኝ። ነገሩ ጥርስ አለው። ብዙዎቹ የላየነል ፉርጎዎች በጠባቡ ክብ ሐዲድ እንዲዞሩ ሲባል ከልካቸው አጥረው የተሠሩ ናቸው። በሦስት ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፤ እውነተኛው ባቡር የሚሄደው በሁለት ነው። በእውነተኛው ከለካናቸው ሁሉም ይወድቃሉ። እንግዲህ አሻንጉሊቷ ለከሰል ፉርጎው ዕዳ የለባትም፤ እውነቷም በ1957 ከፋብሪካ የወጣችበት መልክ ነው ማለት ነው። ጥቁሩ ቀለም እላይዋ ላይ የተደረበ የሌላ ሰው ሐሳብ ይሆናል።

ብዙ ቀን ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ አንድ ቀዳዳ ያገኘሁ መሰለኝ። ወይን ጠጁ ቀለም ብርቅ የሆነው የከሰል ፉርጎ ላይ ስላረፈ ነው። ያው ቀለም የሻይ ስኒ ላይ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሰብሳቢው የሚደነቅበት እንግዳነት፣ የከሰል አቧራ የለበሰውን፣ በመዶሻ ተደብድቦ የሚራገፈውን እውነተኛ ፉርጎ በልቡ ስለያዘ የሚታየው ነው። ፋብሪካው እናት ከሆነ ሐዲዱ አባት ነው፤ አንዱን ክደን ሌላውን ማክበር አንችልም። ሊሃይ ቫሊ በ1976 ኮንሬል በተባለው የባቡር ድርጅት ውስጥ ገብቶ ከቀለጠ ወዲህ ደግሞ ስሙን ተሸክመው ከቤት ቤት የሚዞሩት እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው።

በዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ፉርጎ ነበረች፦ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ የተቀባች፣ "የሜይን ግዛት ምርቶች" የሚል የተጻፈባት፣ ላየነል በ1955 ያወጣት። ይህችኛዋ እውነተኛ አርአያ አላት። ባንጎርና አሩስቱክ የተባለው ባቡር በ1950ዎቹ የሜይንን ድንች ያጓጉዝ የነበረው ልክ እንዲህ በተቀቡ ፉርጎዎች ነው። ለምን እንዲያ ተቀቡ? ድንቹን ለማስተዋወቅ ነዋ! በሐዲድ ላይ የሚሄድ ማስታወቂያ ነበሩ። ከዚያ በፊትም የቢራና የሥጋ ኩባንያዎች የተከራዩትን ማቀዝቀዣ ፉርጎ በስማቸው ያስጌጡ ነበር፤ የአሜሪካ ኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሽን በ1934 እስኪከለክላቸው ድረስ። በተቀናቃኙ ስም በደመቀ ፉርጎ ዕቃውን መጫን የሚወድ ነጋዴ የለምና። እንግዲህ "እውነተኛው" ፉርጎ ራሱ ለዓይን የተሠራ ነበር። የሮዙ ባቡር ቀለም ልጃገረዶችን ለመማረክ ከሆነ፣ የድንቹ ፉርጎ ቀለምም ገዢ ለመማረክ ነው። ፋብሪካው አጠፋ፣ አባትየው አረሙ ያልኩት ሁሉ እዚህ ላይ ላላብኝ።

የቀረኝ ከጀመርኩት ያነሰ ነው። ጥቁሩ ይቆይ የምለው አሁንም ነው፤ ግን ከከሰሉ ፉርጎ ጋር ስለተስማማ አይደለም። አንድ ሰው ማታ ከሥራ ገብተው፣ ብሩሽ ይዘው ለልጃቸው የሠሩት ስለሆነ ነው። አባቴ ወደ ጅቡቲ በሚወርዱት የቡና ፉርጎዎች ጎን ላይ የሚደርሱበትን ጣቢያ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ያ ጽሑፍ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ ማንም አላስቀመጠውም። ዛሬ አንዳንድ ሞዴል ሠሪዎች ጠመኔ ፈጭተው በትንሿ ፉርጎ ላይ አቧራና ዝገት ያስመስላሉ፤ ውብ ሥራ ነው። የአባቴ ጠመኔ ግን የተጻፈው አቧራ ለማስመሰል አልነበረም፤ ቡናው እንዲደርስ ነው። በሚያስመስል እጅና በሠራ እጅ መካከል ልዩነት አለ ብዬ አምናለሁ። ችግሬ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ እጅም የሠራ እጅ መሆኑ ነው። እኒያን ሮዝ ፉርጎዎች በቀለም የረጨው ሰውም ማታ ቤቱ ገብቷል።

ያን ዕለት ልንለያይ ስንል ሽማግሌው ፉርጎዋን ገልብጠው አሳዩኝ። ጥግዋ ላይ ጥቁሩ ተልጦ የጤፍ ፍሬ የምታህል ወይን ጠጅ ወጥታለች። "እሺ፣ አላስለቅቀውም። ይህችንስ በጥቁር ልሸፍናት?" አሉኝ። አባታቸው ቢያዩዋት ይሸፍኗት ነበር። ፉርጎዋን ተቀብዬ ወደ መብራቱ ጠጋ አደረግኋት፤ መልስ ሳልሰጣቸው መልሼ በመዳፋቸው አስቀመጥኳት።