ስለ ሒማ፤ የተከለለው መስክ ለማን ነው?



ወንድሞች ሆይ! ሣሩን ያበቀለ፣ ዝናሙንም ያወረደ አላህ ብቻ ከሆነ፣ ሰው ተነሥቶ መስኩን ከወንድሙ ከብት መከልከል እንዴት ይፈቀድለታል? ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚከለክል ከሌለ በድርቅ ዓመት ሣሩ ከነሥሩ ያልቃል፤ ከዚያም ወዲያ ለማንም አይተርፍም።

በጃሂሊያ ዘመን ኀይለኛው አለቃ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ውሻውን ያስጮኽ ነበር። ድምፁ እስከ ተሰማበት ድረስ ያለው መስክ የእርሱ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ውጭ ባለው ግን ከሌሎች ጋር እኩል ያግጣል። ይህ ሒማ ይባል ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማንም ለግሉ እንዳይከልል ከለከሉ፤ ከመዲና በስተደቡብ ያለውን አን-ነቂዕን ግን ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። እንግዲህ የተወገዘው ለራስ መከለል ነው።

ይሁን እንጂ ለሕዝብ ጥቅም የተከለለውም ቢሆን ሰውን ይጐዳል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ይህን አልሸሸጉም። በኸሊፋነታቸው ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ634 እስከ 644) አር-ረበዛን ሲከልሉ፣ የአገሩ ሰዎች የተበደሉ እንደሚመስላቸው፣ መሬቱም በጃሂሊያ የተዋጉለት፣ በላዩም ሆነው የሰለሙበት አገራቸው እንደ ሆነ በገዛ አፋቸው መሰከሩ። ጠባቂውንም ሁነይን ጥቂት ግመል ወይም ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዲያስገባ፣ የዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ምክንያቱንም ገለጡለት። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። የድኻው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ በኸሊፋው ደጅ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ወርቅና ብር መስጠት ግዴታ ይሆናል። ሣርና ውሃ መስጠት ከዚያ ይቀላል።

ነጋዴ የሆንህ ወንድሜ፣ በዚህ ቅር አትሰኝ። ኢብኑ ዐውፍ መዲና በገቡ ጊዜ የገበያውን መንገድ ብቻ ጠይቀው በአይብና በቅቤ ንግድ የጀመሩ ሰው ናቸው፤ ሀብታቸው ነውር አልነበረበትም። እኔም በመድረሳ ሳለሁ ይህ ታሪክ በባለጠጎች ላይ የተደረገ ጥብቅነት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን ሒሳብ መሆኑ ገባኝ፤ መስኩ ሁሉን የማይችል ሲሆን ሌላ መተዳደሪያ ያለው ይቆያል።

በዐረቢያ ብዙ መንደሮች ሒማቸውን ለዘመናት ጠብቀው ቆይተዋል። በአንዳንዱ ከብት አይገባም፤ በድርቅ ጊዜ ግን ሣሩ በእጅ ይታጨዳል። በሌላው ሣሩ አብቦ ዘሩን እስኪጥል ይጠበቃል። ለንብ የተተወም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በሳዑዲ ዐረቢያ በወጣ ንጉሣዊ ትእዛዝ ሒማ ተሻረና መስኩ ለሁሉ ተከፈተ። ለሁሉ መክፈት ፍትሕ ይመስላል። ሆኖም የጭነት መኪና ያለው ሰው መንጋውንና የመጠጥ ውሃውን ጭኖ ዝናም ወደ ጣለበት ሁሉ ቀድሞ ይደርስ ጀመር። ጥቂት በጎቹን በእግሩ እየነዳ የሚመጣው እረኛ የሚያገኘው የተጋጠ መሬትና የጎማ ፋና ሆነ።