ቃልና አሞሌ

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆላስይስን ምእመናን አነጋገራቸው ጨው ያለው እንዲሆን መክሯቸዋል። ይህን ምክር የዋግን ሰው ያህል የሚረዳው ያለ አይመስለኝም። በድሮው ዘመን ከአፋር ቆላ የተነሣ አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ እየተጫነ፣ በትግራይ በኩል ዞሮ በዋግ ምድር ሰቆጣ ገበያ ይራገፍ ነበር። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫም ነበር፣ መገበያያ ገንዘብም ነበር። የጋዝጊብላ ባላገር ከዚያ ገበያ የሸመተውን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ በእጁ ያለው ነገር ሲባክን የሚያደኸይ፣ ጨርሶ ሲቆጠብ ደግሞ የልጆቹን ወጥ አልጫ የሚያደርግ መሆኑን ያውቅ ነበር። ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችን የሰጠን ቃልም እንዲሁ ነው፤ አባካኝም ንፉግም ይጠየቅበታል።

ሰው በዕድሜው ስንት ቃል ይናገራል? በ2007 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት 396 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ድምፅ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ አስይዞ ቆጥሯል። ሴቶቹ በቀን በአማካይ 16,215፣ ወንዶቹ 15,669 ቃል ተናገሩ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከሁሉ አብዝቶ፣ ወደ 47,000 ቃል የተናገረውም፣ ከሁሉ ያነሰው፣ 500 ገደማ ቃል የተናገረውም ወንዶች ነበሩ። እንግዲህ «ሴት ወሬኛ ናት» እያልን እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን ስናማ የኖርነው በሐሰት ነውና ንስሐ ይገባናል። በቀን 16,000 ቃል በዓመት ከ5.8 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በ60 ዓመት 350 ሚሊዮን ይሆናል። ጌታችን ሰው ስለ ተናገረው ከንቱ ነገር በፍርድ ቀን መልስ እንደሚሰጥ አስተምሯል። ያን ሁሉ ቃል ይዞ ፊቱ መቆም ያስፈራል።

እኔን ከዚህ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የኋላው ቁጥር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ተከታይ ጥናት፣ ከ2005 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሰዎች በቀን የሚናገሩት ቃል ከ16,000 ገደማ ወደ 13,000 ገደማ እንደ ወረደ አሳይቷል። የቀነሰው ሐሜት ቢሆን እሰየው ነበር። እኔ የምፈራው ግን ሐሜቱ ባለበት ሆኖ ሰላምታው እንዳይሆን ነው። የአገራችን ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ጤና ይጠይቃል፣ ከብት ይጠይቃል፣ ዝናብ ይጠይቃል፤ የታመመ እንዳለ ከሰማም ስሙን ጠርቶ «ተሻለው ወይ?» ይላል። ይህ ለችኩል ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ለተጠየቀው ግን ሰው እንዳለው የሚያውቅበት ነው።

የበረሃው መነኩሴ አባ አርሳንዮስ በመናገሩ ብዙ ጊዜ እንደ ተጸጸተ፣ ዝም በማለቱ ግን ተጸጽቶ እንደማያውቅ አበው ይነግሩናል። ይህን በልባችሁ ይዛችሁ ለቅሶ ቤት ግቡ። ጎረቤት ይመጣል፤ በሩ ላይ ጫማውን አራግፎ ይገባል፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፤ መደቡ ላይ ኩታውን አጣፍቶ ይቀመጣል። ንፍሮ ሲቀርብለት እፍኝ ይዘግናል። ከዚያ ወዲያ ምንም አይልም። የሟች እናት ቀና ስትል ፊቱን ታየዋለች፤ ሲመሽም አለ፤ በማግሥቱም ይመጣል። ሌላው ደግሞ ገና ሳይቀመጥ ይጀምራል፤ «ምን ነበር ያመመው? ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰዳችሁትም? ጠበል አስገብታችሁት ነበር?» እናቲቱ ሌሊቱን ሁሉ ራሷን የጠየቀችውን እርሱ በአደባባይ ይጠይቃታል። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ዝምታው አስጨንቆት ይሆናል የሚለፈልፈው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር። እግዚአብሔርን ያስቆጣው በኋላ አፋቸውን ከፍተው የተናገሩት ነው።

ይህን ስል ግን ዝምታ ሁሉ ቅድስና ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን ወንጀለኛ ለማውጣት ተሰብስበው አፈርሳታ ሲወጡ፣ ወንጀሉን ማን እንደ ሠራው እያወቀ ዝም ያለ ሰው አገሩን ሁሉ ያስይዝ ነበር። ዛሬ አፈርሳታ የለም፤ የሚታወቅ በደል ግን አለ። ጎረቤት ሚስቱን ሲደበድብ ድምፁ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ እኛ «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለን እንተኛለን። ይህን ዝምታ አርምሞ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

ንፉግነት ደግሞ በገዛ ቤታችን ይብሳል። ልጅ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባል፤ እናት አገር ቤት ትቀራለች። ስልኩ ኔትወርክ እንዲይዝላት ተረተር ትወጣለች። «ብሩ ደረሰሽ?» ይላታል። «ደረሰኝ ልጄ።» «በይ እሺ፣ ቻው።» እርሷ ግን ስለ ላሟ መውለድ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ክርስትና ልጇ ልትነግረው ብዙ ይዛ ነበር የወጣችው። ያንን ሁሉ ይዛ ትወርዳለች። ልጆች፣ ገንዘብ መላካችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። ግን የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ ደርሶ ስልክ የተቋረጠበትን ጊዜ አስታውሱ። ያኔ ማን ብር ፈለገ? «አለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለመስማት ስንቱ ተሳለ!

ኽምጣንጋ አፍ የፈቱ አያቶቻችንስ? ቋንቋው በትምህርት ቤት መሰጠቱ ደግ ነገር ነው፤ እልል ያሰኛል። ከተማ ያደገው የልጅ ልጅ ግን አያቱን በአፍ መፍቻዋ «እንዴት ነሽ?» ማለት ካልቻለ፣ አሮጊቷ በሰው መካከል ተቀምጣ ብቻዋን ናት። በቤቱ ዳቦውም ቡናውም ሞልቶ ሳለ የምታወጋው አጥታ ትውላለች። እባካችሁ ልጆቻችሁን ወደ እርሷ ላኩ፤ ይሳሳቱ፣ ትሣቅባቸው፣ ታርማቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በሰሙነ ሕማማት መሳሳምና መጨባበጥ የለም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን እያሰብን በሰላምታችን እንታቀባለን። ያ ከልካይ ሥርዓት ቀን አለው፤ ትንሣኤ ሲሆን ይፈታል። በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ኩርፊያ ግን ትንሣኤው ስንት ጊዜ አልፎበታል? በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ አንዱ በአንዱ በር ሲገባ ሌላው በሌላው ይወጣል። ልጆቻቸው አብረው ከብት ያግዳሉ፤ አባቶቻቸው መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገት ይሰብራሉ። ጌታችን መባ ይዞ መሠዊያ ፊት የቆመ ሰው እንኳ ወንድሙ እንደ ተቀየመው ትዝ ካለው መባውን ትቶ ቀድሞ እንዲታረቅ አዟል።

ይህን የምታነቡና እንዲህ ያለ ኩርፊያ ያለባችሁ፣ የመሬቱን ነገር ለሽማግሌ ተዉትና ሰላምታውን ዛሬ ጀምሩ። ነገ ጠዋት ስትገናኙ «እንደምን አደርህ?» በሉት። መልስ ባይሰጣችሁ በማግሥቱ ድገሙት። በሦስተኛው ቀንም ዝም ካለ ሁለታችሁንም የሚያውቅ፣ አንደበቱ የታረመ ሽማግሌ ፈልጉና የንስሐ አባታችሁን ጨምራችሁ ላኩበት።