መውጫ ወይስ መግቢያ?

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ጉናን በስተቀኝ እየተወ በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ላይ ጋይንት ሲደርስ ንፋስ መውጫን ያገኛል። ስሙ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ ጨጨሆ አለ፤ ግራና ቀኙ ገደል፣ መሐሉ እንደ በቅሎ ኮርቻ የጠበበ በር።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ወደ ትምህርት የወጣነው በእንዲህ ያለ በር ነው። የስማዳው ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ፣ የእስቴው ጉናን በወዲያ ጎኑ ዞሮ። እናቶቻችን ስንቅ አስይዘው «ውጡና ሰው ሁኑልን» ብለው ሸኙን። ታዲያ እንጠይቅ፤ ያለፈ ሰው ላሳለፈው ምን ዕዳ አለበት?

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ አንስተዋል ይባላል። ገመዱን የሳበው፣ ዓለቱን ፈልጦ ጥርጊያውን ያወጣው ብዙ ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም። ንጉሡም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሞቱ፤ በዚያ በር አልተመለሱም። መድፉ መቅደላ ቀረ፤ ድካሙ የማን እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀ።

የጋይንትን ዝናብም እንመልከት። በስተሰሜን የወረደው ተከዜ ይገባል፤ በስተደቡብ የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ኮርቻው ለያያቸው ስንል ሁለቱ ሱዳን ውስጥ አትባራ ላይ መልሰው ይገናኛሉ። መገናኘታቸውስ ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ሲወርዱ የገበሬውን አፈር ይዘው ነው የወረዱት። መቼም ውሃን በዚህ የሚወቅስ የለም፤ ሽቅብ መመለስ አይችልማ!

እኛስ? እኛም የመንደሩን አፈር ይዘን ወርደናል። የተሸጠው በግ፣ እኛ ስንማር እረኛ ሆና የቀረችው እህታችን፣ ይህ ሁሉ አፈር ነው። «ተመልሰን ምን እንሠራለን? ሥራ የት አለ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነታቸውን ነው፤ መመለስ በእግር ብቻ አይለካም። በደብዳቤም፣ በእውቀትም፣ ታናሽን በማስተማርም ይመለሷል። ግን ይኸው እውነት ማመካኛ ሆኖ እንዳያስተኛን እንፈራለን።

በር በሁለት ወገን ካልተሄደበት በር አይባልም፤ ቀዳዳ ነው። ነፋስ ቢወጣ ይውጣ፤ ነፋስ ዕዳ የለበትም። እኛ ግን አለብን።