ማን አረደው? ስለ ጄላቲን ከረሜላ ከሐይቅ ዳር የሚነሣ ጥያቄ

በወሎ፣ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በለቅሶም በሠርግም አብረው ሲውሉ ሥጋ ግን ለየብቻ ይቀርባል፤ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ የሚያርድ ሙስሊም ጎረቤት ይጠራል፣ ድስቱም ይለያል፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። «በስመ አብ» ተብሎ የታረደውና «ቢስሚላህ» ተብሎ የታረደው በጣዕም አይለያዩም፤ ስለዚህ የሥጋው መፈቀድ የሚታወቀው ዐይቶ ወይም ቀምሶ ሳይሆን በሚታመን ሰው ምስክርነት ነው።

ይህን ምስክርነት የሚያሳጣው፣ ጣት ሲጫነው ተመልሶ የሚነሣው፣ በድብ ወይም በትል ቅርጽ የሚሠራው ለስላሳ ከረሜላ ነው። የመለጠጥ ባሕርዩን የሚሰጠው ጄላቲን፣ ማለትም የአሳማ ቆዳ ወይም የከብት ቆዳና አጥንት በአሲድ ወይም በአልካሊ ተነክሮ በሙቅ ውኃ ሲፈላ የሚወጣ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከሰው ገላ ሙቀት ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ቀይ ቀለሙ ኢ 120 ከተባለ ደግሞ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ካርሚን ነው። የብራዚሉ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴይሮ እ.ኤ.አ. በ2009 «እጅግ የተቀነባበረ» በሚል የለዩት የምግብ ወገን እንዲህ ያለው ነው፤ በቤት ማዕድ ቤት የማይገኙ ነገሮች በፋብሪካ ተገጣጥመው የተሠራ።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ኢስቲሃላ በሚሉት ሐሳብ ላይ፣ ይኸውም አንድ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ተለውጦ ሌላ ነገር መሆኑን በሚመለከት፣ ተለያይተዋል፤ የሐነፊ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ወገን) በሰፊው ሲቀበለው የሻፊዒ መዝሀብ ወይን በራሱ ወደ ኮምጣጤ እንደሚለወጥ ባሉ ጥቂት ጉዳዮች ይወስነዋል። ነገር ግን የጄላቲኑ ምንጭ አሳማ ይሁን ከብት በላቦራቶሪ ምርመራ ሊለይ ይችላልና፣ እንስሳው ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ያስቸግራል። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም በረቡዕና በዓርብ ከረሜላው ውስጥ ያለው ጥሉላት ነው፤ አሳማ ከሆነ ደግሞ ከጾም ውጭም አይነካም። ጾም አውቆና ፈቅዶ የሚፈጸም ሥራ ነውና፣ ሳያውቅ የበላ ሰው ጾሙን እንደ ሻረ አይቆጠርም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም አለማወቁ የመጣው ጠይቆ ስላልተመለሰለት ከሆነ፣ ኃላፊነቱ ከበላተኛው ወደ አምራቹ ይሸጋገራል።

የአምራቹን ዝምታ የሚያስገድድ ችግርም የለም። ከብርቱካንና ከፖም ልጣጭ የሚወጣው ፔክቲን ከረሜላውን ያረጋዋል፤ ከዓሣም ጄላቲን ይወጣል፣ ዓሣ ደግሞ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ቢያከራክርም ለሙስሊሙ አራጅ የማያስፈልገው ነው። በሐይቁ ዳር የሚሸጠው ዓሣ ከነጭንቅላቱና ከነቅርፊቱ ስለሚቀርብ ገዢው ምን እንደሚገዛ ያያል፤ በከረሜላው ከረጢት ጀርባ ግን በጥቃቅን ፊደል «ጄላቲን» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ፣ የማን ቆዳ እንደሆነ አይነገርም።