ከላይ የተደረደረው ሽንኩርት

የእህቴ ልጅ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ነጋዴ ስላችሁ አዳራሽ የሚያህል መጋዘን ያለው እንዳይመስላችሁ። ያለው አንድ ስልክ፣ አንድ የቴሌግራም ቻናል፣ አንድ የፌስቡክ ገጽና ከአባቱ የወረሰው ትንሽ የመስኖ ማሳ ነው። የሚኖረው ሮቢት ነው። ሮቢት ስል ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ፈጥኖ «አሃ! ሸዋ ሮቢት!» ይለኛል። አይደለም። የኛዋ ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ፣ ቆቦ ሳይደርሱ የምትገኘው የራያ ቆላዋ ሮቢት ናት። ይህቺን የስም መመሳሰል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለ2011 ዓ.ም. ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ነበር። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁ ከማሳው የነቀለውን ሽንኩርት ዛፍ ጥላ ሥር ከምሮ፣ ትልልቁን እየመረጠ፣ የተላጠ ልጣጩን እየገፈፈ ከላይ ይደረድራል። ጸሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ጠበቀና በስልኩ አነሳው። መቼም ሽንኩርት እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ አንቱ ጸሐፊ አይደሉ? አንድ ሁለት መስመር ያሳምሩልኝ» አለኝ።

እኔም አሳመርኩለት። «ከራያ ጥቁር አፈር፣ ያለ ኬሚካል የበቀለ፣ የአያቶቻችን ሽንኩርት፤ ከማሳው በቀጥታ ወደ ቤትዎ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ። አንባቢዬ፣ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ውሸት እንዳለ ልቁጠርልዎ። አንደኛ፣ ዘሩ «ቦምቤይ ሬድ» የሚባለው ነው፤ ከየት እንደመጣ ስሙ ራሱ ይናገራል። አያቶቻችን የሚያውቁት ማሽላና ጤፍ ነው። ሁለተኛ፣ በጀርባ የሚታዘለው የፀረ ተባይ መርጫ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ፣ እየጻፍኩ ፊት ለፊት አየው ነበር። «ያለ ኬሚካል» የሚለው ቃል ግን ሲጽፉት ደስ ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩንም ሞላ ያደርገዋል። ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ለዚያውም አንዲት ሴት አስታውሳኝ። እሱንም እነግራችኋለሁ።

እህቴ፣ ማለትም የልጁ እናት፣ ገበያ ወጥታ ጤፍ ትሸጣለች። ገዢ ሲመጣ እጇን እስከ ክንዷ ጆንያው ውስጥ ትከትና ከሥር እፍኝ ታወጣለታለች። ይህን የምታደርገው ጻድቅ ስለሆነች ነው አልልም፤ እሷም ብትሆን ጆንያውን ጤፉ ነጣ ብሎ በሚታይበት ብርሃን ላይ ነው የምታቆመው። እሷ ባታወጣ ገዢው ራሱ እጁን ይከታል። የገበያ ሕግ የገዢው ክንድ ነው። ስልክ ላይ ግን ገዢው ክንድ የለውም። ያለው ዓይን ብቻ ነው፤ ዓይኑም ሻጩ ወደፈቀደለት ቦታ ብቻ ያያል።

ይህ ችግር ስልክ ያመጣው አይደለም። ርቆ ያለ ሻጭና ርቆ ያለ ገዢ እንዴት ይተማመኑ የሚለው ጥያቄ አሮጌ ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመው አንድም ለዚህ ነው። ሰሊጡ ወይም ቡናው መጋዘን ይገባል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ገዢው ሻጩን ሳያውቀው ደረጃውን አምኖ ይገዛል። የገዢውን ክንድ ሦስተኛ ወገን ተዋሰው ማለት ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚገባ የልጃችን ሽንኩርት ግን ናሙና የሚወስድለት የለም። ያለው ፎቶና የኔ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሕግማ አለ። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 እና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ፤ በ2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን ለአንድ ጆንያ ሽንኩርት ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ የሚል ሕግ ባለበት አገር፣ ከፌስቡክ ገጽ እስከ ቴሌግራም ቻናል የምናነበው «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል አይደለም እንዴ? እኔ ይቺን አባባል አልወዳትም። ውስጥ መስመር ገብተህ ስትጠይቀው፣ ነጋዴው መጀመሪያ የሚያየው የአንተን ፎቶ ነው። መነጽርህን ያያል፣ መኪና ተደግፈህ የተነሳኸውን ያያል፣ ከዚያ ዋጋውን ይነግርሃል።

ለልጁ ፎቶው ትክክል አለመሆኑን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ ከላይ ያሉትም እኮ የእኔው ሽንኩርቶች ናቸው! ከሰው ማሳ አላመጣሁም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጠለና ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። «ስለ እኛ አገር ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ የሚወጣው ረሃብ ነው። እኔ ያማረ ሽንኩርት ባሳይ ምን አለበት?»

ለዚህ መልስ አጣሁ። ራያና አካባቢው በፎቶ የታወቀ አገር ነው። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን ከዚያው ሰፈር፣ ከኮረም ያሳዩት ምስል ዓለምን አስነሳ፤ በዓመቱ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ተዘጋጀ፣ እህልም መጣ። ያ ምስል ውሸት አልነበረም፤ ሰው በእርግጥ እየሞተ ነበር። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ፈረንጅ ስለዚያ አገር የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ፎቶም ከክፈፉ ውጪ ያለውን አያሳይም። ልጁ የሚለው፣ ሌላው ሰው የኛን ክፉ ቀን መርጦ ካሳየ እኔ ደግሞ መልካሙን መርጬ ባሳይ ዕዳ የለብኝም ነው። ዕዳ እንዳለበት ይሰማኛል፤ ግን ያኔ ዛፉ ሥር ቆሜ ልከራከረው አልቻልኩም።

ወደ ስሙ ልመለስ። የደንበኞቹ ግማሽ ሽንኩርቱ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ይመስላቸዋል። ሸዋ ሮቢት ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው፤ ቅርብ ማለት ደግሞ ትኩስ ማለት ነው። ልጁ ይህን ያውቃል፣ አያርማቸውም። «ሮቢት ነው ያልኩ። ሸዋ አላልኩም። እነሱ ከመሰላቸው ምን ላድርግ?»

ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ለሮቢት የተጻፈ የሚመስል ታሪክ አለ። ሮድስ ደሴት ላይ ረሃብ ገብቷል፣ እህል ተወዷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷል። ለሮድስ ሰዎች ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥላቸው? ዲዮጋንስ የተባለው የባቢሎን ፈላስፋ፣ ነጋዴው ሕግ የሚያዘውን ጉድለት ከተናገረ ይበቃዋል፣ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ የለም፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢው መናገር አለበት ብሎ ይሟገታል። ሲሴሮ ለተማሪው ፈረደ።

እኔ ለረጅም ጊዜ ከዲዮጋንስ ጋር ነበርኩ። ነጋዴ መምህር አይደለም፤ ገዢም ሕፃን አይደለም። ደግሞስ ሁሉን የሚናገር ከሆነ መረጃ ለማግኘት ማን ይደክማል? ሐሳቤን ያናጋው በዚያው ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ልጁ አዲስ አበባ ላይ ሽንኩርት ለበዓሉ መወደዱን በስልኩ አየና፣ በትላንቱ ዋጋ የጎረቤቱን ማሳ ጠቅልሎ ገዛ። ጎረቤቱ የያዘው ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አይሠራም። ያ ሰው የልጁን የክርስትና ድግስ የበላ፣ አባቱ ሲሞት ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው። እህቴ ስትሰማ ጮኸች። «ጎረቤትህን! ምነው ትንሽ እንኳ አላፈርክ?» አለችው። እኔንም አልማረችኝ፤ «አንተስ ተቀምጠህ ስታይ!»

ከዚያ ወዲህ የማስበው እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ዝም ማለት ብዙም አያስከፋኝም፤ ገዢው ክንድ አለው፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ሌላ ጆንያ ያያል። ለአንድ ሰው ያለው ብቸኛ መስኮት አንተ ስትሆን ግን ዝምታህ መጋረጃ ይሆናል። ለአዲስ አበባዋ ገዢ ልጁ ብቸኛ መስኮት ነው፤ ለጎረቤቱም እንደዚያው። ዲዮጋንስ ያልቆጠራት ይህችን ይመስለኛል።

ሴትዮዋ የደወለችው በሕማማት ሳምንት ነው። ልጁ ትንሽ አዋራትና፣ «የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ራሳቸውን ይጠይቋቸው» ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። ድምጿ የተረጋጋ፣ ጨዋ ሴት ናት። እናቷ ታመውባታል፤ ኬሚካል የነካው ነገር አላበላቸውም ብላ ወስናለች፤ «በእርግጥ ምንም አልተረጨበትም?» አለችኝ። መርጫው አሁንም ግድግዳው ሥር ነው። «እ... ብዙም አይደለም» አልኳት። ሠላሳ ዓመት የጻፍኩ ሰው ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ግማሽ ኩንታል አዘዘች። ማታውኑ «ያለ ኬሚካል» የሚለውን አስጠፋሁት። የሴትዮዋ ቁጥር ስልኩ ላይ ነበር፤ ተመልሼ አልደወልኩላትም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦና አካባቢዋን ዋጠ፤ በ2014 ታኅሣሥ ወጣ፣ ነሐሴ ላይ ተመለሰ። ልጁ ገጹን እንደገና ባነቃ በጥቂት ወራት፣ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሺሕ የሚቆጠሩት የቻናሉ ተከታዮች በአንድ ቀን ጠፉ። የቀሩለት ድምፁን የሚያውቁት ብቻ ናቸው፤ መስመሩ ሲገኝ ደውለው «የኔ ልጅ፣ ደህና ናችሁ?» የሚሉት። ከእነሱ ጋር ሲነግድ አስተውዬው ነበር። «እትዬ፣ የዚህ ሳምንቱ እርጥብ ነው፣ ይለፍዎ» ይላቸዋል። ያሳልፉታል፣ በሚቀጥለው ግን ይወስዳሉ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ይህንኑ ቲክቶክ ላይ አወጣው። ጆንያውን ከሥሩ ይቀድና፣ «እዩት፣ ይሄ መንታ ነው፣ ይሄ ትንሽ ነው፣ አልደብቃችሁም» እያለ ያሳያል። ሰው ወደደው። «እውነተኛ ነጋዴ» የሚል ኮሜንት ጎረፈ። ደስ አለኝ፤ ልጁ ተለወጠ ብዬ። ስጠይቀው ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን የሚሸጥ ይሄ ነው።»

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አንድ ባለ ሱቅ ይናገራል። ባለ ሱቁ ሕፃን ልጅም ቢመጣበት አያጭበረብርም፤ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ደንበኛ እንዳይሸሸው ከሆነ፣ ሥራው ትክክል ነው እንጂ ግብረ ገባዊ ዋጋ የለውም ይላል ካንት። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ስለ ልጁ ልቡና ምን አገባት? የከፈለችበትን አግኝታለች። እኔን የሚያገባኝ ሌላ ነገር ነው። ደጋግሜ ሳየው፣ ልጁ መንታውንና ትንሹን ያሳያል፣ አንገቱ የበሰበሰውን ግን አንድም ቀን አላሳየም። ትንሿ ጉድለት ለትልቋ መሸፈኛ ሆናለች። የድሮው ፎቶ ቢያንስ «እመኑኝ» አይልም ነበር።

ባለፈው ዓመት ምርቱን ሳያነሳ ዝናብ መታው። ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እንደ ድሮው አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለኝ። እኔም ጻፍኩለት፦ «ዝናብ ነክቶታል፤ ከሳምንት በላይ አይቆይም። የሚመጣው ከቆቦዋ ሮቢት እንጂ ከሸዋ ሮቢት አይደለም። ፀረ ተባይ ተረጭቷል። ዋጋው ይኸው፣» ብዬ ቁጥሩን አስቀመጥኩ።

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደወለ። «ጋሼ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ?»

ቢሆንም ለጠፈው። ግማሹን ሁለት ምግብ ቤቶች በርካሽ ወሰዱለት፤ ግማሹ እዚያው በሰበሰ። ገጹን ከፍቼ ሳየው የዝናቡም የሮቢቱም የዋጋውም ነገር እንዳለ ነው፤ አንዷ ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጥታለች። ለምን እንዳወጣት ስጠይቀው፣ «ሁሉም ይረጫል፤ ማን ይጽፋል?» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፣ «አንቱስ ያቺን ሴትዮ ደውለው ነገሯት?» ብሎ ጠየቀኝ።