ዘር የሌላቸው ሙታን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስሙን የማታውቀው፤ ሃይማኖቱም ከሃይማኖትህ የተለየ ሰው፤ ከሞተ ሺህ ዓመት ቢሆነው፤ ካንተ የሚጠብቀው ነገር ይኖራልን?

በላስታ፤ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን በሚገኘው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፤ ከቤተ መቅደሱ በስተ ኋላ የብዙ ሰው ዐፅም ተከምሮ ይገኛል። ቆዳው ባጥንቱ ላይ የደረቀም አለ። ያገሩ ሰው ከሩቅ የመጡ ምእመናን ናቸው ይላል፤ ስለዚህም በክብር ያያቸዋል። (ጐብኚው ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሽቀዳደም ማየት ግን ደስ አይልም።)

በመንዝ ያሉት ሙታን ይህን ክብር አላገኙም። መቃብራቸው ከሩቅ ሲታይ ተራ የድንጋይ ክምር ይመስላል። ፎቬልና ፗሶኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት አንዳንዱን ቈፍረው ዐፅም፤ የሸክላ ዕቃና ብዙ የብርጭቆ ዶቃ አገኙ፤ ዘመኑንም ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት መድበው «የሻይ ባህል» አሉት። እንግዲህ በላስታ ዐለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ፤ ወደ ደቡብ ያሉት እነዚህ ክርስቲያን ያልሆኑ ሰዎች ሙታናቸውን ከነጌጣቸው ይቀብሩ ነበር።

ገበሬው ድንጋዩን ለአጥር ቢያነሣ ልፈርድበት አልደፍርም፤ መሬቱ ጠባብ ነው። የሚያሳዝነኝ «የአረማዊ መቃብር ነው፤ ምን ይጐዳል?» የሚለው የተማረ ሰው ነው። ያን ዶቃ ከሟቹ ጋር ትቶ ድንጋይ የከመረው ሰው እንደኛው አልቅሷል፤ ማንም እንዳይነካውም ተስፋ አድርጎ ተመልሷል። አደራውን የሚቀበል የታወቀ ዘር ከሌለ፤ በአቅራቢያው ከሚኖረው በቀር ማን ይቀበለው?

«ሊቃውንቱስ መቃብር ከፍተው የለምን?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከፍተዋል። ነገር ግን ሌባ ዶቃውን ለቅሞ አጥንቱን ይበትናል፤ ሊቅ እያንዳንዱ ነገር የነበረበትን ስፍራ ይጽፋል። ቢሆንም ሁሉን መክፈት ተገቢ አይመስለኝም፤ ከኛ የተሻለ መሣሪያ ያለው ትውልድ ይመጣልና።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቈፈርን ከልክሏል፤ መንገድ ሲሠራ ወይም መሠረት ሲቈፈር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለመንግሥት እንዲያስታውቅ አዟል። አዋጁ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ ክምሩ ላይ ተቀምጦ ከብት የሚጠብቀው ግን ሕፃን ልጅ ነው። ምን ላይ እንደ ተቀመጠ ሊነግረው የሚችለው ፊደል የቈጠረ ታላቅ ወንድሙ ነው።