ለወጣቷ ሐኪም፣ አድማው ከመጠራቱ በፊት

ልጄ፣ ባለፈው የጠየቅሽኝን ነገር በር ላይ ቆሜ በሁለት ቃል ልመልስልሽ አልፈለግሁም። «የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ሐኪም፣ ሥራ አቁሞ አድማ መምታት ይገባዋል ወይ?» ነበር ያልሽኝ። ይገባዋል። መብቱ ሊኖረው ይገባል፤ ሲጠቀምበት ደግሞ ዋጋውን በሽተኛው ላይ መጣል የለበትም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ መሄድ ከባድ ስለሆነ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

መጀመሪያ ነገር ማንም እንዳያሸማቅቅሽ። ደሞዝ መጠየቅ መሐላ ማፍረስ አይደለም። «ሐኪም ለገንዘብ አይሠራም» የሚሉሽ ሰዎች የቤት ኪራይሽን አይከፍሉልሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀናት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በ2017 መጀመሪያ በተደረገው የደሞዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ሲያድግ፣ የላይኛው ጣሪያ ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነው ከፍ ያለው። የበታቹን ማንሣት ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ፣ በላዩ ላይ ስፔሻሊቲ ጨምሮ፣ የገበያው ዋጋ ሲንር የእሱ ጭማሪ ይህን ያህል ያነሰበትን ሰው «ዝም ብለህ አገልግል» ማለት ግፍ ነው። አዳር ተረኛ ሆነሽ አንግተሽ፣ ቀኑንም እዚያው ውለሽ ስትመለሺ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ስታንቀላፊ አይቼሻለሁ። እንዲህ የደከመ ሰው መርፌ ሲይዝ አደጋው የሚደርሰው በሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ የደሞዝና የሥራ ሰዓት ጥያቄሽ የበሽተኛውም ጥያቄ ነው፤ ይህን ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ ልመልስሽ፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። በ1966 ጀማሪ መምህር ነበርኩ። የካቲት 11 ቀን ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ የተነሣ መኪናቸውን አቆሙ፤ እኛ መምህራንም ሥራ አቆምን። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲያጓራ የሚወጣው ሰይቼንቶ ታክሲ ሁሉ ጠፋ፤ ሕዝቡ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣው ዋለ። የእኛ ጥያቄ ደሞዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ ይረግመን ነበር። ግን «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ የድሀውን ልጅ ከታች ያስቀረዋል ብለን ነበር የተነሣነው። ወላጆች ይህን ሰምተው ስለነበር አብረውን ቆሙ። ተማሪውም አብሮን ወጣ። በሳምንት ውስጥ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ ተደረገ፣ ዕቅዱም ታገደ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የካቲት 28 ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ የምንለው፣ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አራት ቀን ቆየ። መንግሥት ተቀምጦ ተደራደረ።

ይህን ግማሹን ታሪክ ሁሉም ይወደዋል፤ ሌላውንም ግማሽ ስሚ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ባወረደበት ዕለት አድማና ሰላማዊ ሰልፍ ከለከለ። ኢሠአማ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ሲጠይቅ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማኅበሩ ራሱ ፈረሰ። በየካቲት ያገኘነውን በመስከረም ተነጠቅን። አድማው ኃይል አልጎደለውም ነበር። የተገኘውን ጠብቆ የሚያቆይ ሕግና ዳኛ ግን አልነበረንም፤ ሥር የሰደደ ማኅበር ያለውም ጥቂቱ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አንቺንም ስለ አድማ ስትጠይቂኝ ቶሎ ብዬ ስለ ማኅበርና ስለ ሕግ የማወራሽ በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉን ታዲያ እንየው። በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታን የማሰማት መብትም ይሰጣል። ቀጥሎ ግን እነዚህ የመንግሥት ሠራተኞች እነማን እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ለሌላው ሠራተኛ መንገዱን በዝርዝር አስቀምጧል፤ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሆስፒታልን፣ መብራትን፣ ውሃን፣ እሳት አደጋን፣ ቴሌንና አየር መንገድን ግን እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ አድማ ከልክሎባቸዋል፤ በምትኩ ክርክራቸውን የሚዳኝ ጊዜያዊ ቦርድ አለላቸው። አየሽ? የግል ሆስፒታል ነርስ አድማ ብትከለከልም የምትከራከርበት ቦርድ አላት። አንቺ የመንግሥት ሐኪም ሆነሽ ሕገ መንግሥቱ መብት አለሽ ሲልሽ፣ በግንቦት 2017ቱ የጤና ባለሙያዎች አድማ ጊዜ ግን በዚያ መብት በየት በኩል እንደምትሄጂ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይሽ ሕግ በእጅሽ አልነበረም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ስምምነት ያጸደቀችው በ1955 ነው። በዚያ ድርጅት አሠራር መሠረት ለሰው ሕይወት ወሳኝ የሆነ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ አድማ ሲከለከል፣ በምትኩ ገለልተኛና ፈጣን ዳኝነት ሊሰጠው ይገባል። ከልክሎ ዳኛም መንፈግ በየትኛውም ሚዛን ፍትሕ አይደለም። መንግሥትን በዚህ እወቅሳለሁ፣ በግልጽ።

የግንቦቱን አድማ ነገር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ባለሙያዎቹ 12 ጥያቄዎች አቀረቡ፤ 30 ቀን ጠበቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሌላውን የሚያክም ሰው ራሱ ሲታመም ነጻ ሕክምና ያግኝ የሚል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በአድማ መጠየቁ ራሱ ያሳዝናል። ግንቦት 11 ቀን 2017 ሥራ አቆሙ። መልሱ አድማው ሕገ ወጥ ነው፣ ተመለሱ የሚል ሆነ፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለሙያዎችም ታሰሩ፣ የማኅበር መሪ ጭምር። በነሐሴ 2010 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ባቆሙ ጊዜም እስር ነበር። ከግንቦቱ አድማ ወራት በኋላ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ተነሣ፤ ዝቅተኛው 6,000 ሆነ፣ የዲግሪ ጀማሪው ከ6,940 ወደ 11,500 ከፍ አለ፣ ጣሪያው 39,000 ደረሰ። ይህን ያመጣው አድማው ብቻ ነው ብዬ አልምልልሽም። ያ ሁሉ ጩኸት ያለ ጥቅም ባከነ የሚልሽን ግን አትመኚው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የግንቦቱ አድማ ጥሪ በአብዛኛው የተላለፈው በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ነበር። ስልክ ሰው ይጠራል፤ ተደራድሮ አይፈርምም። ሚኒስቴሩ «ኑ እንነጋገር» ቢል እንኳ በሁሉም ስም ተቀምጦ የሚፈርም፣ የተፈረመውንም አባላቱን የሚያስቀበል አካል ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ጥያቄው የሁሉም ሆኖ ይቀርና እስሩ ብቻ የግለሰብ ይሆናል። ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚወሰደው አንድ ሰው ነው።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስኩ። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደሽ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ስትደርሺ አጥሩ ሥር ጋቢ ለብሰው የተቀመጡትን ታውቂያቸዋለሽ። የራጅ ፊልሙን በፖስታ እንደያዘ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ በሬውን ሸጦ የተሳፈረ ሰው አለ። በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር፤ አንዲት የማኅፀን ካንሰር ያለባት እናት ተራዋን ወራት ጠብቃ ቀኗ ሲደርስ ክፍሉ ተዘግቶ ብታገኘው ለእሷ ሌላ ቀን ላይኖራት ይችላል። ሚኒስትሩ ሲታመም፣ ነጋዴውም ሲታመም ወደ ግል ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። የመንግሥት ሆስፒታል ሲዘጋ የሚቀጣው አሠሪሽ አይደለም፤ አሠሪሽ የማይተኛበት አልጋ ነውና። ፋብሪካ ሲቆም ባለቤቱ ገንዘብ ያጣል፤ ሆስፒታል ሲቆም መንግሥት አንዲት ሳንቲም አያጣም። ስለዚህ የሐኪም አድማ ኃይሉ የሚመነጨው ከሕዝብ ፍቅር ብቻ ነው። ያ የጋቢው ሰውዬ «ልጆቼ እውነታቸውን ነው» ካለ ታሸንፋላችሁ፤ «ጥለውኝ ሄዱ» ካለ እናንተን ለመበተን አንድ የመንግሥት መግለጫ ይበቃል።

በጎረቤታችን በኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ከኅዳር እስከ መጋቢት 2009፣ መቶ ቀን ያህል፣ ሥራ አቁመው ነበር። የማኅበራቸው መሪዎች ታሰሩ፤ ተፈተው ተደራደሩ፤ የሥራ መመለሻ ስምምነት ተፈረመ። እነሱ የተመዘገበ ማኅበርና ፍርድ ቤት ስለነበራቸው መጨረሻው ድርድር ሆነ። ግን መቶ ቀን የድሀ ሆስፒታል ተዘግቶ መቆየቱን እንደ ድል አልቆጥረውም፤ የሞቱትን ማን ይጠይቃል? የእንግሊዞቹ ይሻለኛል። በመጋቢት 2015 ጀማሪ ሐኪሞቻቸው ለሦስት ቀን ሲወጡ አንጋፋዎቹ ገብተው ድንገተኛ ክፍሉን ሸፈኑላቸው። አድማው በመደበኛው ሥራ ላይ ሆነ፤ ነፍስ ማዳኑ አልቆመም።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። አዲስ የአድማ ጥሪ ከማስተላለፋችሁ በፊት የማይቆመውን ሥራ ስም በስም ጻፉት፦ ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ጽኑ ሕሙማን፣ የሕፃናት ክፍል፣ ዳያሊሲስ፣ ቀጠሮው የደረሰ የካንሰር ሕክምና። ማን በየትኛው አዳር እንደሚገባ ከነስሙ ተረኛ መድቡና ዝርዝሩን በር ላይ ለጥፉት፤ አስታማሚው ያንብበው። ይህ ዝርዝር ከየትኛውም መፈክር ይበልጥ ይከላከልላችኋል። «ሕይወት አደጋ ላይ ጣሉ» የሚል ክስ ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት እሱ ነው። የቀረው ነገር፣ የቀን ተመላላሽ ክሊኒኩ፣ ስብሰባው፣ ሪፖርቱ፣ ሊቆም ይችላል። ከዚያም በፊት ሪባን አስረው እየሠሩ መቃወም አለ፤ በ2011 ነጭ ጋውን ለብሳችሁ በወጣችሁ ጊዜ ድምፃችሁ ተሰምቶ ነበር።

ጥያቄያችሁንም እንደገና እዩት። ከደሞዙ ጎን የበሽተኛው ጥያቄ ይግባ፦ ጓንትና መርፌ ከውጭ ግዙ መባሉ ይቅር፣ አንድ ነርስ የምትይዘው የአልጋ ቁጥር ይወሰን፣ የጨረር ሕክምናው ወረፋ ይጠር። እኛ በ1966 ወላጅን ያገኘነው በልጁ በኩል ነው፤ እናንተም ሕዝቡን የምታገኙት በሕመሙ በኩል ነው። ይህን ለዘዴ ብላችሁ እንዳታደርጉት፤ ከልባችሁ ካልሆነ አስታማሚ ያውቃል።

ሕጉ ባያስገድዳችሁም የሁለት ሦስተኛውን ሥርዓት በራሳችሁ ላይ ጣሉት። ተሰብሰቡ፣ ድምፅ ስጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ከየሆስፒታሉ ተወካይ ምረጡ፤ አንዱ ቢታሰር ቀጣዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። በየወሩ ከደሞዛችሁ ጥቂት አዋጡ፤ ደሞዙ የታገደበት ባልደረባ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ማን ይከፍላል? እድር ለቀብር ብቻ መሆን የለበትም። ጠበቃ ከአሁኑ ያዙ። መጀመሪያ የምትጠይቁትም ከደሞዙ እኩል ያ የጎደለው ሕግ ይሁን፤ የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት እንደሚደራጅ፣ አድማ በሚከለከልበት ቦታ ማን በስንት ቀን እንደሚዳኝ የሚወስን ሕግ። ጭማሪ በዋጋ ንረት ይበላል። ሕግ ግን ካንቺ በኋላ ለምትመጣው ሐኪም ይቆያል።

አድማውን የማይቀላቀል ባልደረባም ይኖራል። እናቱን የሚጦር፣ የፈራ፣ ወይም ኅሊናው ያልፈቀደለት። አታዋርዱት። በ1966 እርስ በርስ «ባንዳ» የተባባልን መምህራን ብዙ ዓመት ተኮራርፈን ቆይተናል። ያ ሰው ነው ድንገተኛ ክፍሉን የሚሸፍንላችሁ።

የጥያቄያችሁን ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር ጻፉ፤ ለሆስፒታሉ፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽንና ለሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ለኢሠማኮ ግልባጭ አድርጉ። ቀን ይኑረው፣ የተወካዮች ፊርማ ይኑረው። በቴሌግራም ከመልቀቃችሁ በፊት መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት፤ የገቢ ቁጥሩን በቀሪው ላይ አስጽፋችሁ ያዙ። ረቂቁን ስትጨርሱ አምጪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።